ትሬድ ሲበዛ ሥራው ለምን አይፈጥንም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማዋ ዳር የመጡ ናቸው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ። የሚያነሱትም አንድ ጉዳይ ነው፦ ብዙ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ መስመር) ጎን ለጎን የሚያሠራ ፕሮግራም እንዴት ይጻፋል? ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን አቅርበናቸዋል።

ከኮዬ ፈጬ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጃቫ እችላለሁ፤ ትሬድን ግን ክፍል ውስጥ በስላይድ አለፍነው እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም። ላፕቶፔ ያገለገለ ኮር አይ 5 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ይበቃኛል? ቋንቋ ልቀይር? ከምንስ ልጀምር?

መልስ፦ ይበቃሻል። ስንት ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው የሚያሰላ ክፍል) እንዳለሽ ለማወቅ ታስክ ማናጀርን ክፈቺና ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ሲፒዩ የሚለውን ንኪ፤ ከግራፉ ሥር የኮሩና የሎጂካል ፕሮሰሰሩ (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደ ኮር የሚቆጥረው) ብዛት ለየብቻ ተጽፏል። ስማቸው በ«ዩ» የሚያልቀው የ6ኛ ትውልድ አይ 5 ላፕቶፖች 2 ኮርና 4 ሎጂካል ፕሮሰሰር አላቸው፤ በ8ኛው ትውልድ ይህ ወደ 4 እና 8 አድጓል። ለመማር 2 ኮር ከበቂ በላይ ነው። 4 ጊጋ ራም ላይ ግን ከባድ አይዲኢ (ኮድ መጻፊያና ማስኬጃ ሶፍትዌር) ስትከፍቺ ማሽኑ ይንቀረፈፋል፤ ለእነዚህ መልመጃዎች ቀላል የጽሑፍ ማዘጋጃና ኮማንድ ፕሮምፕት ይበቁሻል።

ቋንቋ አትቀይሪ። ጃቫ በ1996 ሲወጣ ጀምሮ ትሬድ አብሮት አለ። አዲስ ቋንቋና ትሬድን አንድ ላይ ከጀመርሽ ስህተት ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያቅትሻል።

መጀመሪያ የምትጽፊው ፕሮግራም ሆን ተብሎ የተበላሸ ይሁን። «ድምር» የሚባል ስታቲክ ኢንት አስቀምጪ፤ ዋጋው 0። ሁለት ትሬድ ፍጠሪ፤ እያንዳንዱ በሉፕ 1,000,000 ጊዜ ድምር ላይ 1 ይጨምር። ሁለቱንም ስታርት አድርጊ፣ ከዚያ ሁለቱም እስኪጨርሱ በጆይን ጠብቂ፣ በመጨረሻ ድምሩን አትሚ። 2,000,000 መሆን ነበረበት። ደጋግመሽ ስታስኬጂው ግን ከዚያ ያነሰ፣ በየጊዜውም የተለያየ ቁጥር ታያለሽ።

«1 ጨምር» ላንቺ አንድ መስመር ነው፤ ለማሽኑ ግን ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ መጻፍ ነው። ድምሩ 700 ላይ ሳለ አንደኛው ትሬድ 700ን ያነባል። እሱ ሳይጽፍ ሁለተኛውም 700ን ያነባል። አንደኛው 701 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛውም 701 ብሎ በላዩ ላይ ይጽፍበታል። ሁለት ጊዜ ተደምሮ አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። ሬስ ኮንዲሽን የሚሉት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ «የእኔ እኮ ልክ 2,000,000 አወጣ» የሚል አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ በስታርት ፈንታ ራንን ጠርቶ ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ ትሬድ አልተነሣም፣ ሥራው ሁሉ በሜይን ትሬድ ላይ ተራ በተራ አልቋል። ሉፑ ውስጥ የትሬዱን ስም አንድ ጊዜ ብታሳትሚ ወዲያው ይታወቃል። ወይም በ1,000,000 ፈንታ 1,000 ብሎ ይሆናል፤ ሁለተኛው ትሬድ እስኪነሣ አንደኛው ጨርሷል፣ የሚጋጩበት ጊዜ የለም። 0 ወይም በጣም ትንሽ ቁጥር ከወጣ ደግሞ ጆይን ተረስቷል። መልመጃውን በሲ ለሚሞክሩት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኮምፓይለሩ ኦፕቲማይዝ እንዲያደርግ ካዘዛችሁት ሉፑን በሙሉ ወደ አንድ «1,000,000 ጨምር» ስለሚቀይረው ስህተቱ ይደበቃል። ኦፕቲማይዜሽኑን ዘግታችሁ ሞክሩ።

ስህተቱን በዓይንሽ ካየሽ በኋላ አስተካክዪው። መጀመሪያ ቮላታይል የሚለውን ሞክሪ፤ አይሠራም። ቮላታይል አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያይ ያደርጋል እንጂ ሦስቱን እርምጃ አንድ አያደርጋቸውም። ቀጥሎ ሲንክሮናይዝድ ብሎክ አድርጊበት፤ ይህ ሎክ ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ ያስገባል፤ ይስተካከላል። ሁለቱም ትሬዶች የሚቆልፉት ያንኑ ኦብጀክት መሆኑን ግን አረጋግጪ፤ እያንዳንዱ የራሱን ኦብጀክት ከቆለፈ ሎክ ያለ ይመስላል እንጂ የለም። ሦስተኛ አቶሚክ ኢንቲጀር (ሦስቱን እርምጃ ሳይቋረጥ የሚፈጽም ቁጥር) ሞክሪ። በመጨረሻ ደግሞ እያንዳንዱ ትሬድ በራሱ ሎካል ተለዋዋጭ 1,000,000 ቆጥሮ ሲጨርስ ብቻ አንድ ጊዜ ወደ ጋራው ይደምር።

የእያንዳንዱን ጊዜ በናኖታይም ለኪ። በየጭማሪው የሚቆለፈው ፕሮግራም ያለ ምንም ትሬድ ከተጻፈው ሊዘገይ እንደሚችል ታያለሽ፤ 2,000,000 ጊዜ መቆለፍና መክፈት ቀላል ሥራ አይደለም። የመጨረሻው፣ ምንም የማይጋራው፣ ይፈጥናል። ከዚህ ዓምድ አንድ ነገር ብቻ የምትወስጂ ከሆነ ይህን ውሰጂ፦ ትሬዶች የሚጋሩት ባነሰ ቁጥር ፕሮግራሙ ትክክልም ፈጣንም ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ትሬድ በእጅሽ መፍጠር ተዪና ወደ ኤግዚኪዩተር (ሥራን ለትሬዶች የሚያከፋፍል የጃቫ መሣሪያ) እለፊ። ቁጥሩ የተወሰነ የትሬድ ፑል (ሥራ የሚጠብቁ ትሬዶች ስብስብ) ፍጠሪ፣ ሥራ ስጪው፣ ውጤቱን በፊውቸር ተቀበዪ። ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ አልዘጋ ካለሽ ፑሉን የሚዘጋውን ሻትዳውን ሳትጠሪ ቀርተሻል።

ከለገጣፎ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ፓይተን በራሴ ነው የተማርኩት። እስከ 3,000,000 ያሉ ፕራይም ቁጥሮችን የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፍኩ። በአንድ ትሬድ 20 ሰከንድ ፈጀ፤ በ4 ትሬድ ሳደርገው 21። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም። የተለመደው ፓይተን ጊል የሚባል አንድ አጠቃላይ ሎክ አለው፤ በአንድ ፕሮሰስ (እየሄደ ባለ አንድ ፕሮግራም) ውስጥ በአንድ ጊዜ የፓይተን ኮድ የሚያስኬደው ሎኩን የያዘው ትሬድ ብቻ ነው። 4ቱ ትሬዶችህ እየተቀባበሉ ነው የሠሩት፤ ተጨማሪዋ 1 ሰከንድ የመቀባበሉ ዋጋ ናት።

ትሬድ በፓይተን ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። አንድ ትሬድ ከኔትወርክ ወይም ከዲስክ መልስ ሲጠብቅ ሎኩን ይለቃል። 50 ፋይል ከኢንተርኔት የሚያወርድ ፕሮግራም በትሬድ በደንብ ይፈጥናል፤ ጊዜው የሚያልቀው በመጠበቅ ነውና። የአንተ ግን ንጹሕ ስሌት ነው። ለስሌት ፕሮሰስ ፑል ኤግዚኪዩተርን ተጠቀም፤ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ ፓይተንና የራሱ ሎክ አለው።

ስትቀይር ሁለት ነገር ይገጥምሃል። በዊንዶውስ እያንዳንዱ አዲስ ፕሮሰስ ፋይልህን እንደገና ከላይ ጀምሮ ያነበዋል። ሥራ የሚያስጀምረውን ክፍል «ይህ ፋይል ሜይን ከሆነ» በሚለው ኢፍ ሥር ካላስገባኸው ልጅ ፕሮሰሱ ራሱ ሌላ ልጅ ለመውለድ ሲሞክር ፕሮግራሙ በስህተት ይቆማል። ሁለተኛው የሥራ ክፍፍሉ ነው። 3,000,000ን ለ4 እኩል ብትከፍለው ሥራው እኩል አይከፈልም፤ ትልቅ ቁጥርን መፈተሽ ከትንሽ ይልቅ ብዙ ማካፈል ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ሩብ የያዘው ቶሎ ጨርሶ ሲቀመጥ የመጨረሻውን የያዘው ገና ይለፋል። በ100,000 በ100,000 ቆራርጠህ 30 ሥራ አድርገው፤ አንዱን የጨረሰ ቀጣዩን ያነሣል። እንዲያው «ሲቆራረጥ ይሻላል» ብለህ ግን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አትላክ፤ በፕሮሰስ መካከል ዳታ የሚተላለፈው ተጠቅልሎ ተቀድቶ ስለሆነ የመላኩ ወጪ ስሌቱን ይበልጠዋል።

ጊሉን ያስወገደ የፓይተን ዓይነት በ2024 ከወጣው 3.13 ጋር ለሙከራ መጥቷል። ብታወርደው ክፋት የለውም። ግን ያን ጊዜ ከላይ ለኮዬ ፈጬዋ ጠያቂያችን የጻፍነው ሁሉ ለአንተም ግድ ይሆናል። ሌላም አለ፦ የድምሩን መልመጃ በተለመደው ፓይተን ብትሠራው፣ ከ3.10 ወዲህ ትሬድ የሚቀያየረው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ስለሆነ ስህተቱ ላይታይህ ይችላል። አለመታየቱ ኮዱ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ከሰበታ

ለአንድ ፋብሪካ የመጋዘን ሶፍትዌር በጃቫ ሠርቻለሁ። ዕቃ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ሲዘዋወር ሁለቱም መጋዘኖች ይቆለፋሉ፣ ቁጥሩ ይቀነሳል፣ ይደመራል። ለሳምንታት ያለ ችግር ይሠራና ድንገት ቀጥ ይላል። ምንም የስህተት መልእክት የለም። አጥፍቼ ሳስነሣው ይሠራል። የዳታቤዝ ችግር ይሆን?

መልስ፦ ዳታቤዙን ከመክሰስዎ በፊት ፕሮግራሙ ቀጥ ባለበት ሰዓት ታስክ ማናጀርን ይመልከቱ። ሲፒዩው 0 አካባቢ ከሆነ ትሬዶቹ እየተጠባበቁ ነው። 4 ሎጂካል ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ 25 በመቶ ላይ ተተክሎ ከቀረ ግን አንድ ትሬድ መጨረሻ በሌለው ሉፕ ውስጥ ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው።

ከገለጻዎ ስንገምት የመጀመሪያው ነው፤ ዴድሎክ። አንዱ ትሬድ ከ3 ወደ 7 ያዘዋውራል፦ 3ን ቆለፈ፣ 7ን ይጠብቃል። በዚያው ቅጽበት ሌላው ከ7 ወደ 3 ያዘዋውራል፦ 7ን ቆለፈ፣ 3ን ይጠብቃል። ማንም አይለቅም። ሁለቱ ዝውውሮች በዚያች ቅጽበት ካልተገናኙ ምንም አይሆንም፤ ለሳምንታት ደህና የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ አጥፍተው አያስነሡት። ከጄዲኬ (የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ጥቅል) ጋር አብረው የሚመጡ ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። ጄፒኤስ የፕሮሰሱን ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ጄስታክን በዚያ ቁጥር ሲጠሩት እያንዳንዱ ትሬድ የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ይዘረዝራል። ክብ የሠሩ ሎኮች ካሉ ዴድሎክ ማግኘቱን፣ የየትኞቹ ትሬዶች እንደሆነና በየትኛው መስመር እንደተያያዙ ከመጨረሻው ላይ ይጽፋል። ያን ጽሑፍ ወደ ፋይል ይገልብጡት። ዴድሎክ ብሎ ካልጻፈ በ10 ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ ይውሰዱና ያነጻጽሩ፤ ሦስቱም ላይ እዚያው መስመር ላይ የቆመውን ትሬድ ይከተሉ።

መድኃኒቱ አጭር ነው። «ከላኪው ጀምር» የሚለውን ትተው ሁልጊዜ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነውን መጋዘን መጀመሪያ ይቆልፉ። ከ3 ወደ 7ም ሆነ ከ7 ወደ 3፣ መጀመሪያ የሚቆለፈው 3 ነው። ከዚያ በኋላ ክብ ሊሠራ አይችልም። በ1971 ኮፍማንና ባልደረቦቹ ዴድሎክ እንዲፈጠር አራት ሁኔታዎች በአንድ ላይ መሟላት እንዳለባቸው አሳይተዋል፤ አንዱን ማፍረስ ይበቃል፣ ለማፍረስ የሚቀለውም ይህ የክብ መጠባበቅ ነው። ከ3 ወደ ራሱ ወደ 3 የሚል የተሳሳተ ትዕዛዝ ቢመጣ በጃቫ ሎኩን የያዘው ትሬድ ደግሞ ሊይዘው ስለሚችል አይቆምም፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ተራ ሚውቴክስ (ሎክ) ግን ይህ ክልክል ነው፣ አስቀድመው ያጣሩት።

ትራይሎክን (እስከ ገደቡ ሞክሮ ካልያዘ የሚተው መቆለፊያ) በ2 ሰከንድ ገደብ የሚመክሩ አሉ። ይሠራል፤ ሁለተኛው አልያዝ ሲል የመጀመሪያውን ለቀው ከመድገምዎ በፊት ጥቂት፣ በየጊዜውም የተለያየ ጊዜ መጠበቅ አለብዎት፤ አለበለዚያ ሁለቱ ትሬዶች እኩል እየለቀቁ እኩል እየያዙ ሊቀጥሉ ይችላሉ። እኛ ቅደም ተከተሉን እንመርጣለን። ደግሞም ሎክ እንደያዙ ወደ ዳታቤዝ፣ ወደ ኔትወርክ ወይም ወደ ፕሪንተር አይሂዱ። ኔትወርኩ በተንጠለጠለ ቁጥር መጋዘኑ በሙሉ አብሮ ይንጠለጠላል።

ከቱሉ ዲምቱ

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ትልልቅ የግብይት ፋይሎችን የሚያሰላ ፕሮግራም በሲ ሻርፕ ጽፌያለሁ። በ1 ትሬድ 60 ሰከንድ፣ በ8 ትሬድ 21 ሰከንድ። ማሽኑ 4 ኮር፣ 8 ሎጂካል ነው። 8 እጥፍ እጠብቅ ነበር። ደግሞ አንዳንድ ቀን ያው ፕሮግራም 35 ሰከንድ ይፈጃል። ለምን?

መልስ፦ በመጀመሪያ ከ60ው ሰከንድ ስንቱ ሊከፋፈል የሚችል ሥራ እንደሆነ ለይተው ይለኩ። ፋይሉን ማንበቡ 12 ሰከንድ ይወስዳል እንበል፤ እሱ በአንድ ትሬድ ብቻ ነው የሚሄደው። የሚከፋፈለው 48 ነው። በ2 ትሬድ 12 ሲደመር 24፣ 36 ሰከንድ ይሆናል። በ4 ትሬድ 24፤ በ8 ትሬድ 18። ኮር ያለ ልክ ቢጨምሩ እንኳ ከ12 በታች አይወርድም፤ ጣሪያው 5 እጥፍ ነው። ሶሌታ ከተሞላ በኋላ የቀን ሠራተኛ ብንጨምር ኮንክሪቱ ቶሎ አይጠነክርም። ይህን ስሌት ጂን አምዳል በ1967 አቅርቦታል፤ በስሙም ይጠራል።

የእርስዎ 21 ሰከንድ በ24 እና በ18 መካከል ነው፤ ይህም ይጠበቃል። 8ቱ ሎጂካል ፕሮሰሰሮች 8 ኮር አይደሉም። በአንድ ኮር ላይ ሁለት ትሬድ ኮሩን እየተጋራ ትርፍ አቅሙን ይጠቀማል፤ ጥቂት ይጨምራል እንጂ እጥፍ አያደርግም። ስለዚህ ትሬድ ወደ 16 ማሳደጉን ይተዉትና 12ቱን ሰከንድ ይቀንሱ፤ ለምሳሌ አንዱ ክፍል እየተነበበ የተነበበው ይሰላ። ለንጹሕ ስሌት የትሬድ ቁጥር ከሎጂካል ፕሮሰሰሩ ቁጥር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

የቀን ልዩነቱ ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የምንጠረጥረው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ባትሪ ለመቆጠብም የሲፒዩውን ፍጥነት ይቀንሳል። በባትሪ የተለካን በቻርጀር ከተለካ ጋር አያነጻጽሩ። ሙቀትም አለ፤ ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ላፕቶፕ 8 ትሬድ ለጥቂት ደቂቃ ሲሠራ ይግልና ራሱን ያዘገያል፣ የአካባቢያችንን አቧራ ደግሞ ያውቁታል። ሦስተኛ፣ ፋይሉን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነቡት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከራም ስለሚሰጥዎት ንባቡ በጣም ይፈጥናል። ስለዚህ ቻርጀር ይሰኩ፣ ብራውዘር ይዝጉ፣ 6 ጊዜ ያስኬዱ፣ የመጀመሪያውን ይጣሉ፣ የቀሩትን 5 በቅደም ተከተል ደርድረው መካከለኛውን ይውሰዱ።

የየትሬዱን ድምር በአንድ አሬይ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጠው ከሆነም ይመልከቱት። በአብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ካሽ (ለኮሩ ቅርብ የሆነ ፈጣን ሚሞሪ) በ64 ባይት መስመር ነው የሚንቀሳቀሰው፤ 8 ባይት የሆኑ 8 ድምሮች አንድ መስመር ላይ ይገጥማሉ። ትሬዶቹ የየራሳቸውን ቢነኩም መስመሩን ከኮር ወደ ኮር ሲነጣጠቁ ይውላሉ። በሎካል ተለዋዋጭ ደምረው መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ አሬዩ ይጻፉ።

ከሱሉልታ

ሁለት ጓደኛሞች ነን። ፕሮግራማችን አልፎ አልፎ የተሳሳተ ውጤት ያወጣል። ለማየት ብለን ፕሪንት ስንጨምርበት ስህተቱ ይጠፋል፤ ስናነሣው ይመለሳል። ፕሪንቱን እንተወው?

መልስ፦ አትተዉት! ፕሪንት ራሱ ውስጡ ሎክ አለው፤ ቀርፋፋም ነው። ትሬዶቻችሁን ሳታውቁት ተራ አስያዛቸው እንጂ ስህተቱን አላረመም። ሌላ ማሽን ላይ፣ ወይም ሥራ በበዛበት ቀን፣ ይመለሳል። ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና ማሽን ከ1985 እስከ 1987 ሕሙማንን ከመጠን በላይ በሆነ ጨረር የጎዳው ከእንዲህ ዓይነት ስህተቶች ጋር በተያያዘ ነው፤ አንደኛው የሚከሰተው ኦፕሬተሩ የጻፈውን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፈጥኖ ሲያርም ብቻ ስለነበር ቀስ ብለው በሚጽፉ ሰዎች እጅ አይታይም።

በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ የጻፋችሁት፣ ጂሲሲም ክላንግም የተባሉት ኮምፓይለሮች ትሬድ ሳኒታይዘር አላቸው። ኮምፓይል ስታደርጉ አብሩት፤ ሁለት ትሬድ ያለ ሎክ ያንኑ የሚሞሪ ቦታ ሲነኩና ቢያንስ አንዱ ሲጽፍ ሁለቱንም መስመር ይነግራችኋል። ፕሮግራሙን ከ5 እስከ 15 እጥፍ ያዘገየዋል፣ ሚሞሪውንም ከ5 እስከ 10 እጥፍ ያበዛል፤ ስለዚህ በትንሽ ዳታ ሞክሩት። ጎ ቋንቋም ከራሱ ጋር የሚመጣ የሬስ መፈለጊያ አለው። ሁለቱም የሚያዩት በዚያ ሩጫ ላይ በእርግጥ የተሠራበትን ኮድ ብቻ ነው፤ ያልነካችሁት መንገድ ላይ ያለ ስህተት አይታያቸውም። በጃቫ ከሆነ የጋራ ተለዋዋጮችን በሙሉ በወረቀት ዘርዝሩና በእያንዳንዱ አጠገብ የሚጠብቀውን ሎክ ስም ጻፉ። ባዶ የቀረው ቦታ ላይ ነው ስህተቱ የሚገኘው፤ አሰልቺ ቢሆንም ከፕሪንት የተሻለ ይሠራል።

ከቡራዩ

ኢንተርኔት በሞባይል ዳታ ነው የምጠቀመው፣ ቪዲዮ ማየት አልችልም። ምን ላውርድ?

መልስ፦ የፓይተን ሙሉ ሰነድ ከራሱ ድረ ገጽ በአንድ ጥቅል ፋይል ይወርዳል፤ የጃቫ ሰነድም እንዲሁ። ሊኑክስ ከጫንክ የፒትሬድ (በሲ ትሬድ መሥሪያ ላይብረሪ) ማኑዋል ገጾችን ጭነህ ያለ ኢንተርኔት ታነባለህ። በፓይተኑ ሰነድ ከትሬዲንግ ይልቅ ኮንከረንት ፊውቸርስ የሚለውን ክፍል አስቀድም፤ አጭር ነው፣ ምሳሌዎቹም እንዳሉ ተገልብጠው ይሠራሉ። አንዱ ምሳሌ ግን ድረ ገጽ የሚከፍት ነው፤ ዳታ ከሌለህ አድራሻዎቹን በራስህ ማሽን ላይ ባሉ ፋይሎች ተካቸው።